ጃቫስክሪፕት ሲጠብቅ ምን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2009 በርሊን ውስጥ በተካሄደ የጃቫስክሪፕት ጉባኤ፣ ራያን ዳል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር መድረክ ላይ ወጥቶ ለታዳሚው አንዲት የኮድ መስመር አሳየ። ኮድ የጻፈ ሰው ሁሉ የሚያውቃት መስመር ናት፤ ለዳታቤዝ ጥያቄ ትልካለች፣ የመጣውን መልስ በአንድ ስም ትይዛለች፣ ቀጣዩ መስመር ደግሞ በዚያ መልስ ሥራውን ይቀጥላል። ዳል ያነሣው ጉዳይ ግን መልሱን የሚመለከት አልነበረም። ጥያቄው ከተላከ በኋላ መልሱ እስኪመጣ ፕሮግራሙ ምን ይሠራል? ብዙውን ጊዜ ምንም አይሠራም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጥሎ ያቀረበው ሰንጠረዥ ያ ጥበቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ ነበር። ፕሮሰሰር አጠገቡ ካለው ካሽ አንድ ነገር ለማንበብ 3 ዑደት ይበቃዋል፤ ከራም ለማንበብ 250። ከዲስክ ሲሆን 41 ሚሊዮን፣ ከኔትወርክ ሲሆን ደግሞ 240 ሚሊዮን ዑደት ያልፋል። በ3 እና በ250 መካከል ያለውን ልዩነት አብዛኛው ፕሮግራመር ቢረሳው ጉዳት የለውም። በ250 እና በ240 ሚሊዮን መካከል ያለው ግን የሚረሳ አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ዓይነት መስመር የሚጽፍ ኮድ ትልቅ እውነት ይደብቃል።

ዳል የፈጠረውን፣ ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደውን ኖድ ጄኤስን ለብዙዎች ያስተዋወቀው ያ ንግግር ነው። ከዚያ ወዲህ ጃቫስክሪፕት ከብራውዘር ወጥቶ ሰርቨር ላይም ተቀመጠ፤ አሲንክሮነስ (መልስን ቆሞ የማይጠብቅ) ፕሮግራሚንግም ማንኛውም ጀማሪ ገና በጠዋቱ የሚጋፈጠው ትምህርት ሆነ። ትምህርቱ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው እንደ አጻጻፍ ሥርዓት ነው፦ ከፋንክሽኑ ፊት አሲንክ ጻፍ፣ ጊዜ ከሚወስደው ጥሪ ፊት አዌት ጨምር፣ ይሠራልሃል። በእርግጥም ይሠራል፤ ተማሪውም ገባኝ ብሎ ያልፋል። ይህ አካሄድ የፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነው ብዬ እሟገታለሁ። አሲንክሮነስ ኮድ ከፍጥነትም ከአጻጻፍም በፊት የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አዌት የተጻፈበት እያንዳንዱ ቦታ ፕሮግራሙ ሥራውን አቋርጦ ሌላ ኮድ እንዲገባ የሚፈቅድበት ቦታ ነው። ይህን ቦታ ለይቶ ማየት ያልተማረ ሰው በእሱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ በተጠቃሚው እጅ ላይ የሚበላሽ ፕሮግራም ይጽፋል፤ የተበላሸበትን ምክንያትም አያገኘውም። ስለዚህ ከአዌት በፊት ሥራዎች ተራ የሚጠብቁበት ወረፋ ይቅደም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ቋንቋው አወላለድ መመለስ ያስፈልጋል። ብሬንዳን አይክ በሜይ 1995 ኔትስኬፕ በተባለው የብራውዘር ኩባንያ ውስጥ የመጀመሪያውን ቅጂ የሠራው በ10 ቀናት ነው። ቋንቋው የታሰበለት ሥራ ትንሽ ነበር፦ ቅጽ ሲሞላ የተሳሳተውን መጠቆም፣ በተን ሲጫን ምላሽ መስጠት፣ ገጹ ላይ ያለውን ነገር መቀያየር። የተሰጠውም አንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ ትእዛዞች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው የሚፈጸሙበት አንድ የሥራ መስመር ማለት ነው። ይህን የችኮላ ጉድለት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ቋንቋው ካገኛቸው ትልልቅ ስጦታዎች አንዱ ነው እላለሁ። ሁለት ትሬዶች በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ፣ አንዱ የሰንጠረዡን ረድፍ ሲሰርዝ ሌላው ያንኑ ረድፍ ቀለም ሊቀባ ይሞክራል፤ እንዳይጋጩ መቆለፊያ ያስፈልጋል፤ መቆለፊያው ደግሞ ሁለቱም አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ለዘላለም የሚቆሙበትን ችግር ይወልዳል። በጃቫስክሪፕት አንድ ፋንክሽን ከጀመረ እስኪጨርስ ወይም ራሱ ፈቅዶ እስኪያቋርጥ ድረስ ማንም መሃል አይገባበትም። ዋጋው ደግሞ ግልጽ ነው፤ ፋንክሽኑ ከዘገየ ሁሉም ነገር አብሮ ይዘገያል። በተኑ አይጫንም፣ ገጹ አይንቀሳቀስም፣ ሰርቨሩ ሌላ ደንበኛ አያስተናግድም። ቋንቋው ከዚያ በኋላ ያፈራቸው ነገሮች፣ ኮልባኩም ፕሮሚሱም አዌቱም፣ ያንን ዋስትና ሳያጡ ይህን ዋጋ ላለመክፈል የተደረጉ ጥረቶች ናቸው።

ይህን የሚያስኬደው ክፍል ኢቨንት ሉፕ ይባላል። አንድ ሐኪም ብቻ ያለበትን ክሊኒክ እናስብ። ሐኪሙ አንዱን ታካሚ አይቶ ወደ ላቦራቶሪ ይልከዋል፤ ውጤቱ እስኪወጣ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ቀጣዩን ያስገባል። ውጤቱ ወጣ ማለት ታካሚው እዚያው በሩን ገፍቶ ይገባል ማለት አይደለም፤ ውስጥ ያለው ሰው ጨርሶ እስኪወጣ ደጅ ይቀመጣል።  የጃቫስክሪፕት ብቸኛ ትሬድ ሐኪሙ ነው፤ ኔትወርኩ፣ ዲስኩና ሰዓት ቆጣሪው ላቦራቶሪው ናቸው። ወረፋውም ሁለት ዓይነት ነው። ታይመሮች፣ የመዳፊት ጠቅታዎችና ከኔትወርክ የሚደርሱ ምልክቶች በተራው ወረፋ ይሰለፋሉ፤ ፕሮሚሶች፣ ማለትም ገና ያልደረሰን ውጤት ወክለው የሚቆሙ ነገሮች፣ ውጤታቸው ሲታወቅ የሚከተለው ሥራ ደግሞ ማይክሮታስክ በሚባለው ቀዳሚ ወረፋ ይገባል። ሉፑ ከተራው ወረፋ አንድ ሥራ ወስዶ እስከ መጨረሻው ይፈጽማል፣ ቀዳሚውን ወረፋ አንድም ሳያስቀር ባዶ ያደርጋል፣ ከዚያ ወደ ተራው ይመለሳል።

ይህን ለመፈተን አራት መስመር ይበቃል። የመጀመሪያው መስመር «ሀ» ብሎ ያትማል። ሁለተኛው ለታይመር «ከዜሮ ሚሊሰከንድ በኋላ ‹ለ› አትም» ይለዋል። ሦስተኛው ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ፕሮሚስ ላይ «ስትደርስ ‹ሐ› አትም» የሚል ተከታይ ሥራ ያስቀምጣል። አራተኛው «መ» ያትማል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሀ፣ መ፣ ሐ፣ ለ ነው። መጀመሪያ በእጅ ያለው ሥራ ያልቃል፤ ስለዚህ ሀ እና መ ይከታተላሉ። ቀጥሎ ቀዳሚው ወረፋ ይጸዳል፤ ሐ ይወጣል። ዜሮ የተባለለት ለ መጨረሻ የሚመጣው የታይመር ቁጥር ቀጠሮ ስላልሆነ ነው፤ ሥራው ከዚያ በፊት እንደማይጀመር ብቻ ይናገራል፣ መቼ እንደሚጀመር ግን ወረፋው ይወስናል። ይህችን አራት መስመር ሳያስኬድ በወረቀት መልሷን ማውጣት የሚችል ተማሪ የአሲንክሮነስን ግማሽ ጨርሷል። መልሷን በቃሉ ያጠናት ግን ገና አልጀመረም።

ወረፋውን ያወቀ ሰው ወዲያው የሚገላገለው አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ አሲንክ የተጻፈበት ፋንክሽን «ከኋላ ሆኖ» ይሠራል የሚለው እምነት ነው። አይሠራም። አንድ ሚሊዮን ረድፍ የሚደምር ሉፕ በአሲንክ ፋንክሽን ውስጥ ቢቀመጥም የሚሮጠው በዚያው በአንዱ ትሬድ ላይ ነው፤ ገጹም እስኪጨርስ ድረስ ይደርቃል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሩብ ሰከንድ ስሌት እንኳ ለዓይን ይታያል። ወደ ውጭ ሊላክ የሚችለው ጥበቃው ነው፤ ስሌቱ እዚያው ይቀራል። ኖድ ውስጥ የኔትወርክ ጥበቃን የሚሸከመው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ፋይል ማንበብን የመሳሰሉት ሥራዎች ደግሞ ሊብዩቪ በተባለው ላይብረሪ ሥር ወዳሉ ረዳት ትሬዶች ይሄዳሉ፤ ቁጥራቸውም ካልተቀየረ 4 ነው። እውነተኛ ከባድ ስሌት ያለበት ሰው ወርከር የሚባል ሌላ ትሬድ መክፈት አለበት፤ አዌት መጨመር አንዲት ሚሊሰከንድ አያተርፍለትም።

የአሲንክሮነስ ጃቫስክሪፕት ታሪክ እስከ 1999 ድረስ ጸጥ ያለ ነበር። በዚያ ዓመት ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ፣ ለአውትሉክ የድር ቅጂ ተብሎ የተሠራ፣ ገጹን ሳያድሱ ከሰርቨር መረጃ ማምጣት የሚያስችል መሣሪያ አስገባ። ጂሜይል በኤፕሪል 2004፣ ጉግል ማፕስ በፌብሩዋሪ 2005 ሲወጡ ያ መሣሪያ ምን ማድረግ እንደሚችል ዓለም አየ፤ በዚያው ወር ጄሲ ጄምስ ጋሬት ለአሠራሩ ኤጃክስ የሚል ስም አወጣለት። በነዚያ ዓመታት የነበረው ዘዴ ኮልባክ ነው፦ «መልሱ ሲመጣ ይህን ፋንክሽን ጥራልኝ»። ለአንድ ጥሪ ንጹሕ ዘዴ ነው። ችግሩ ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን መልስ ሲፈልግ፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ሲፈልግ ይመጣል፤ ፋንክሽን በፋንክሽን ውስጥ እየተሸጎጠ ኮዱ ወደ ቀኝ ይገፋል። ሰዎች የሚያማርሩት የኮዱን ቅርጽ ነበር፤ ዋናው ጉዳት ግን ስህተት አያያዙ ላይ ነው። ስህተት ለመያዝ የሚጻፉት ትራይ እና ካች የሚይዙት በእጅ ባለው ሥራ ላይ የደረሰን ስህተት ብቻ ነው፤ ኮልባኩ ተጠርቶ ሲመጣ እነሱ ያሉበት ፋንክሽን ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮልባክ ስህተቱን ለብቻው መመርመር ነበረበት፤ አንዱ የረሳ እንደሆነ ስህተቱ ሰሚ አጥቶ ይቀራል።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ፕሮሚስ ከጃቫስክሪፕት ይቀድማል። ባርባራ ሊስኮቭ እና ሊዩባ ሽሪራ በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ገና ያልደረሰን ውጤት ወክሎ የሚቆም፣ ውጤቱ ሲደርስ ዋጋውን ወይም ስህተቱን የሚይዝ ነገር ለኔትወርክ ፕሮግራሞች አቅርበው ነበር። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ሐሳቡ በላይብረሪዎች በኩል ገብቶ፣ በ2012 የጋራ ስምምነት ሰነድ ወጥቶለት፣ በ2015 የቋንቋው ደረጃ አካል ሆነ። ራያን ዳል ራሱ በጁን 2009 ፕሮሚስን ኖድ ውስጥ አስገብቶ በፌብሩዋሪ 2010 አውጥቶት ነበር፤ በ2018 እዚያው በርሊን ተመልሶ ስለ ኖድ የሚቆጨውን ሲዘረዝር ይህን ማውጣቱን አንዱ አድርጎ ጠቀሰው። ከፕሮሚስ ቀጥሎ አሲንክ እና አዌት መጡ። ሐሳቡ በ2007 ኤፍ ሻርፕ፣ በ2012 ሲ ሻርፕ በተባሉት ቋንቋዎች ውስጥ የታየ ነው፤ ጃቫስክሪፕት በ2017 ተቀበለው። አዌት ያለበት መስመር ላይ ፋንክሽኑ ይቆማል፣ ትሬዱ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ውጤቱ ሲደርስ ፋንክሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ትራይ እና ካችም እንደ ጥንቱ ይሠራሉ። ኮዱ እንደገና ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ሆነ። ይህ ትልቅ ድል መሆኑን ለመካድ አልመጣሁም። የዳልን የመጀመሪያ መስመር ግን ልብ ይሏል፤ ጥያቄ ልካ መልሱን በስም የምትይዘው መስመር ከፊቷ አንድ ቃል ተጨምሮላት ተመልሳለች። 240 ሚሊዮኑ ዑደት እንደገና ከዓይን ተሰወረ።

የመሰወሩን ዋጋ በትንሹ እንጀምር። አንድ የባንክ መተግበሪያ ገጽ ሦስት ነገር ይፈልጋል እንበል፦ የደንበኛውን ስም፣ ቀሪ ሒሳቡን፣ የቅርብ ጊዜ ዝውውሮቹን። ሦስቱም ከሰርቨር ይመጣሉ፣ እያንዳንዱ 300 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በሦስት ተከታታይ መስመር ሦስት አዌት የጻፈ ሰው 900 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እስኪመጣ ጭራሽ አይላክምና። ሦስቱን አንድ ላይ ልኮ፣ ብዙ ፕሮሚሶችን አብሮ በሚጠብቀው በፕሮሚስ ኦል የጠበቀ ሰው 300 ገደማ ላይ ይጨርሳል። ኮዱን ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ዓይን በሁለቱ መካከል ስህተት አያይም። ወረፋውን የሚያይ ዓይን ግን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ይፈልጋል ወይ? ካልፈለገ ለምን ይጠብቃል?

ከዚህ የሚከፋው ዝግመት ሳይሆን ስህተት የሚያመጣው ነው። ተጠቃሚው በከተማ መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ «አዲ» ብሎ ትንሽ ሲያቆም አንድ ጥያቄ ይሄዳል፤ «አዲስ» ሲል ሁለተኛው ይከተላል። ኔትወርክ ግን በተላከበት ቅደም ተከተል ለመመለስ ቃል አልገባም። የሁለተኛው መልስ ቀድሞ ደርሶ ዝርዝሩ በትክክል ይታያል፤ ቀጥሎ የዘገየው የመጀመሪያው መልስ ይደርስና በላዩ ላይ ይጻፋል። ሳጥኑ «አዲስ» ይላል፣ ዝርዝሩ «አዲ»ን ይመልሳል። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ፋንክሽኑ ከአዌት ሲመለስ ትቶት የሄደው ሳጥን ያው እንደሆነ በመቁጠሩ ነው።

ቀጣዩ የባንክ ሒሳብ ምሳሌ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። 1,000 ብር ያለበት ሒሳብ አለ። ወጪ የሚያደርገው ፋንክሽን ቀሪውን በአዌት ያነባል፣ የተጠየቀው መጠን ከቀሪው እንደማይበልጥ ያረጋግጣል፣ አዲሱን ቀሪ በአዌት ይጽፋል። ሁለት የ800 ብር ጥያቄዎች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ለማንበብ ሲያቆም ሁለተኛው ይገባል፤ እሱም ለማንበብ ያቆማል። ሁለቱም 1,000 ያነባሉ፣ ሁለቱም ይበቃል ይላሉ፣ ሁለቱም 200 ብለው ይጽፋሉ። 1,600 ብር ወጥቷል፣ መዝገቡ ግን 200 ብር ቀረ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይደነግጣል፤ ትሬዱ አንድ አይደለም ወይ? አንድ ነው። የአንድ ትሬድ ዋስትና ግን ከአዌት እስከ አዌት ባለው ስፍራ ብቻ የሚሠራ ነው። አዌትን ተሻግሮ የሚቆይ ዋስትና የለም። መፍትሔው ማረጋገጡንና መቀነሱን ሳይነጣጠሉ በአንድ ትእዛዝ ለዳታቤዙ መስጠት ነው፤ «ቀሪው ከ800 ካላነሰ 800 ቀንስ» ተብሎ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ግን አዌት የሚከፍተውን በር ያየ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ፕሮግራመሮች ከሌላው የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ እዚያ ካለ ሰርቨር የሚመጣ መልስ፣ ሌላው ሁሉ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ፣ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አገሪቱ የባሕር በር ስለሌላት በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ነው ባሕር ውስጥ ካሉት መስመሮች የሚገናኘው። በዚህ ላይ የሞባይል ኔትወርኩ መዋዠቅ ይጨመራል። ኮዱን የሚጽፈው ሰው ግን የሚሞክረው ሰርቨሩም ብራውዘሩም በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሆነው ነው፤ እዚያ ጥበቃው ከአንድ ሚሊሰከንድ ላያልፍ ይችላል፣ መልሶችም ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ከላይ ያሉት ስህተቶች በዚያ ሁኔታ አይታዩም። የሚታዩት አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ፣ ኔትወርኩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ፣ «ክፈል» የሚለውን በተን ሁለቴ በሚጫን ሰው ስልክ ላይ ነው። ብራውዘሮች ኔትወርክን ሆን ብሎ የሚያዘገይ መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ማንኛውም የፕሮግራሚንግ አስተማሪ የተማሪውን ሥራ ያንን መሣሪያ ሳያበራ ባይቀበል እወዳለሁ።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ መኪና ለመንዳት ሞተር መፍታት አያስፈልግም የሚለው ነው። ጃቫስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ማህደረ ትውስታ እንዴት እንደሚጸዳ ሳያውቅ ዓመታት ይሠራል፤ ኢቨንት ሉፕስ ለምን የተለየ ይሆናል? ልዩነቱ ይህ ነው፤ ማህደረ ትውስታ መቼም ቢጸዳ ፕሮግራሙ የሚያወጣው መልስ ያው ነው፣ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው። የአዌት ቦታ ሲለወጥ ግን መልሱ ራሱ ይለወጣል፤ ከላይ እንዳየነው 1,600 ብር ይወጣል ወይም አይወጣም። የፕሮግራሙን ትርጉም የሚወስን ነገር ከሽፋን ሥር ሊቀር አይችልም። መሣሪያዎች ይይዙልናል የሚሉም አሉ። የተረሳ አዌትን የሚጠቁሙ ኮድ መርማሪዎች በእርግጥ አሉ፣ መጠቀምም ይገባል፤ ኖድም ከ15ኛው ቅጂው ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ ማንም ያልያዘው የፕሮሚስ ስህተት ሲያገኝ ፕሮግራሙን ያቆማል። እነዚህ የሚይዙት ግን የተረሳውን ቃል ነው። የሒሳቡ ምሳሌ ላይ ምንም የተረሳ ቃል የለም፤ ሁሉም አዌት በቦታው አለ።

የሚከብደው ተቃውሞ ከሌሎች ቋንቋዎች በኩል ይመጣል። ቦብ ኒስትሮም በ2015 በጻፈው ብዙ በተነበበ ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው አሠራር ፋንክሽኖችን በሁለት ቀለም ይከፍላል ብሎ ተከራከረ፤ አንዱ ቀለም ሌላውን እንደልቡ መጥራት አይችልም፣ አንድ ታች ያለ ፋንክሽን አሲንክ ሲሆን የሚጠሩት ሁሉ እስከ ላይ ድረስ አብረው ይለወጣሉ። ጎ የተባለው ቋንቋ ይህን ክፍፍል አያውቅም፤ ጃቫም በሴፕቴምበር 2023 በወጣው 21ኛ ቅጂው ቀላል ትሬዶችን አምጥቶ በዚያው መንገድ ሄደ። ታዲያ አዌት ታሪክ የሚጥለው መንገድ አይደለም ወይ? ክሱ እውነት አለው። ብዙ ኮር ያለው ሰርቨር ላይ ለሚሮጥ ከባድ ሥራ ጎ ወይም ጃቫን የሚመርጥ ሰው አልሞግተውም። የቀለሙ ድካምም እውነተኛ ነው፤ በትልቅ ኮድ ውስጥ አንዲት ፋንክሽን ወደ አሲንክ መለወጥ የብዙ ፋይሎችን እርማት ይጠይቃል። ነገር ግን ቀለሙ መረጃም ነው። በትሬዶች ዓለም ሌላ ኮድ በማንኛውም መስመር መሃል ሊገባ ይችላል፣ ቦታውን የሚናገር ምልክት የለም። በጃቫስክሪፕት ምልክቱ በኮዱ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ አንባቢው እያንዳንዱ አዌት ላይ ቆም ብሎ «ከዚህ ስመለስ የማውቀው ነገር አሁንም እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የኒስትሮም ትችት የእኔን ነጥብ የሚያጠናክር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ዋጋው ከተከፈለ አይቀር፣ የተከፈለበትን ማንበብ ይገባል።

አስተማሪዎች ደግሞ ጀማሪን በወረፋና በማይክሮታስክ ማስጨነቅ ያሸሸዋል ይላሉ። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ተማሪው ቶሎ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን ወረፋው ይህን ያህል ረጅም ትምህርት አይደለም። ፊሊፕ ሮበርትስ በ2014 ኢቨንት ሉፕን በሥዕል እያንቀሳቀሰ ያስረዳበት ንግግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ሰው ነገሩን የሚማረው በእሱ ነው። ጊዜ የሚበላው ወረፋውን ሳይማሩ ቀርቶ በኋላ በዝርዝር ላይ በሚዞረው በፎርኢች ውስጥ የተጻፈ አዌት ለምን እንደማይጠበቅ ሲፈልጉ የሚያልፈው ሌሊት ነው። ፎርኢች የተሰጠውን ፋንክሽን ይጠራል እንጂ የሚመልስለትን ፕሮሚስ አያይም፤ ስለዚህ ሁሉንም ጥሪ አከታትሎ ለቅቆ ያልፋል፣ ቀጣዩ መስመር ሥራው ሳያልቅ ይጀምራል። ፕሮሚስ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ለተረዳ ሰው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አዌትን እንደ ቀመር ለተማረ ግን እንቆቅልሽ ሆኖ ይቆያል።

ቋንቋው ራሱ ያልጨረሰው ክፍልም አለ። ፕሮሚስ አንዴ ከተጀመረ የሚሰረዝበት መንገድ የለውም። መሰረዣ ይጨመር የሚል ሐሳብ ለቋንቋው ኮሚቴ ቀርቦ በ2016 ማብቂያ ላይ እንዲቀር ተደረገ፤ ብራውዘሮች ከ2017 ጀምሮ ያስገቡት አቦርት ኮንትሮለር ከፕሮሚሱ ጎን ቆሞ «ተወው» የሚል ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ለመፈለጊያ ሳጥኑ ይበቃል፤ አዲሱ ጥያቄ ሲሄድ አሮጌው እንዲቋረጥ ይደረጋል፣ የዘገየውም መልስ በአዲሱ ላይ አይጻፍም። ለክፍያው በተን ግን አይበቃም። ምልክቱ የሚያቋርጠው በተጠቃሚው በኩል ያለውን ጥበቃ ነው፤ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ከሆነ ገንዘቡ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ የክፍያ ሥርዓቶች እያንዳንዱን ጥያቄ በልዩ ቁጥር ይልካሉ፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ቢመጣ ሰርቨሩ እንደገና ሳይቀንስ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ቁጥሩ መፈጠር ያለበት ከአዌቱ በፊት፣ ለአንዱ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በየጠቅታው ወይም በየሙከራው ከተፈጠረ ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት ክፍያ ሆነው ይመዘገባሉ።